ይቅርታውም ፍቺውም ይጻፍ

ሰርካዲስ ፍቺ ማለት እንደ ቀበሌ የስኳር ሰልፍ ይመስላት ነበር። ማልዶ የሄደ ቀድሞ ይቆማል፣ ተራው ሲደርስ ስሙን ይናገራል፣ ማኅተም ይመታለታል፣ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ስለዚህ ያን ዕለት የድሬዳዋ ፀሐይ ገና ሳትከር ነጠላዋን ተከናንባ ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ ቆመች። ማመልከቻዋን ከፊት ለፊት ዛፍ ሥር ታይፕ ዘርግቶ የሚውለው ሰውዬ ጽፎላታል። ታሪኳን እስከ መጨረሻው ሰምቶ፣ ግማሹን ጥሎ ግማሹን በራሱ ቋንቋ አሳምሮ ሲያበቃ፣ ከግርጌው «አብዮታዊት እናት አገር ወይም ሞት» የሚል ጨመረበት።

«ይኼ ከእኔ ፍቺ ጋር ምን አገናኘው?» አለችው።

«እሱ ከሌለ አይቀበሉሽም።»

«እናት አገሩ ይሁን፤ ሞቱን ብታወጣልኝስ?»

ሰውዬው ግራ ቀኝ አየና ወረቀቱን ከታይፑ መንጭቆ ሰጣት። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው ቀልድ ዛፍ ሥርም አይቀለድም ነበር።

የመዝገብ ቤቱ ሹም መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ ማመልከቻውን አነበበ። ጋብቻዋ የሰማንያ መሆኑን፣ ቁርባን እንደሌለበት ጠየቃት። ከዚያ ወረቀቱን አስቀምጦ ከጀርባዋ ሰው የሚፈልግ ይመስል አንገቱን አሰገገ።

«ሽማግሌዎችሽ የታሉ?»

«የምን ሽማግሌዎች? እኔ የመጣሁት ወደ መንግሥት ነው።»

«እኅቴ፣ እኛ አናፋታም። የሚያፋቱት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ናቸው። ሁለት ከአንቺ ወገን፣ ሁለት ከባልሽ ወገን፤ አምስተኛው ሰብሳቢ ነው። ስትጋቡ የፈረመ ምስክር ቢሆን ደግሞ ጥሩ ነው። እነሱ መጀመሪያ ያስታርቋችኋል። አልሆነም ካለ ያፋቷችኋል። ውሳኔያቸውን ጽፈው ያመጡልናል፣ እኛ እናጸድቃለን።»

«ያስታርቋችኋል? እኔ እኮ የመጣሁት ልፋታ ነው።»

«ሁሉም የሚመጣው ሊፋታ ነው» አለ ሰውዬው፤ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ስንቴ እንደተናገረው እግዜር ይወቀው።

«ዘመድ የሌለው ሰውስ?»

«ዘመድ የሌለው ሰው የለም» አለ። ጥቂት ሲያስበው ግን እርግጠኛ አልሆነም መሰለኝ፣ «የሚያውቅሽን ሰው አምጪ» ብሎ ጨመረበት።

ሰርካዲስ የደረቀውን የደቻቱን ወንዝ አቋርጣ ወደ መጋላ ሰፈሯ ስትመለስ አሸዋው ከጫማዋ በታች እየተንሸራተተባት ነገሩን ታሰላስል ነበር። ባሏ ሀብተ ማርያም የምድር ባቡር ተቆጣጣሪ ነው። ቲኬት እየበሳ ከድሬዳዋ አዲስ አበባ ሲመላለስ የኖረ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ለሰው እጁ የተፈታ፣ ማንም የማይጠላው ሰው። ሰርካዲስም አትጠላውም፤ ጣጣው እሱ ነበር። አዋሽ ላይ ሌላ ቤት አለው። በዚያ ቤት አንዲት ሴትና አባባ ብሎ የሚጠራው ትንሽ ልጅ አሉ። ወሬውን ያመጣችላት ጎረቤቷ ፋርቱን ናት፤ እሷ በየጣቢያው ሸቀጥ እያወረደች የምትነግድ፣ ከባቡር መስመር የማታውቀው ቤት የሌላት ሴት ናት።

ሰርካዲስ አልወለደችም። ሰዉ ሁሉ የሀብተ ማርያምን ነገር በዚህ አስታኮ ያልፈዋል፤ «ለልጅ ብሎ ነው» ይሉና አፋቸውን ይጠርጋሉ። እሷን የሚጨርሳት ግን ልጁ አልነበረም። የሚጨርሳት ፉጨቱ ነው። ባቡሩ ከተማው መግቢያ ላይ ሲያፏጭ እጇ ሳያማክራት ሽንኩርት ያነሣል። ትከትፋለች፣ ታቁላላለች፣ ፊቷን ትታጠባለች። አንዳንድ ቀን ይመጣል። አንዳንድ ቀን አዋሽ ላይ ወርዶ ቀርቷል፤ ወጡ ለፋርቱን ዶሮዎች ይተርፋል። የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ባቡር ሲያፏጭ ባቡር ብቻ እንዲሆን።

ዘመዶቿ ቡልጋ ናቸው፤ አባትና እናቷ አልፈዋል፤ ያለ አንድ ወንድሟ ወደ ሰሜን ዘምቶ ወሬው ጠፍቷል። ስለዚህ «የሚያውቅሽን ሰው» ስትባል ከግቢዋ ማዶ ልታስብ አልቻለችም። ግቢው ድሮ የሐጂ አብዱሰመድ ነበር። የትርፍ ቤት አዋጁ ከወጣ በኋላ የቀበሌ ሆነና፣ እሳቸው በገዛ ግቢያቸው ከቀድሞ ተከራዮቻቸው ጋር ጎረቤት ሆነው ቀሩ። ቀፊራ ገበያ ቅመም ይሸጣሉ፤ ሲመጡ በርበሬና እርድ ይሸታሉ። ሰርካዲስን ከሙሽርነቷ ጀምሮ ያውቋታል።

«እኔ እስላም ነኝ፣ ልጄ» አሉ ስትነግራቸው። «የናንተን ሰማንያ እንዴት አድርጌ እዳኛለሁ?»

«ሐጂ፣ ማዶ ቡልጋ ያለ የአጎቴ ልጅ ከሚዳኘኝ እርስዎ ይሻሉኛል። ስታመም ሐኪም ቤት ያደረሰኝ ማነው?»

ሐጂ ጢማቸውን ዳሰሱ። «ኢንሻአላህ» አሉ። ከበሩ ጀርባ ሆና የሰማችው ፋርቱን ብቅ አለች።

«ሁለተኛው እኔ ነኝ» አለች።

«ሴት ሽማግሌ የት አየሽ?» አለቻት ሰርካዲስ።

«አባዮ፣ ወላሂ የዚህን ሰውዬ ነገር ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? አዋሽ ያለውን ቤት በሩን ልሳልልህ? ሰማያዊ ነው።» ፋርቱን በሶማሊኛዋ አባዮ ስትል እኅቴ ማለቷ ነው፤ አማርኛ ስትናገር ደግሞ አንተና አንቺን አትለይም፤ ሰርካዲስም ከለመደችው ቆይታለች።

የመጀመሪያው ጉባኤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከዚራ ሰፈር፣ በአቶ ገብረ መድኅን በረንዳ ላይ ተቀመጠ። አቶ ገብረ መድኅን ጡረታ የወጡ የጣቢያ ሹም ናቸው፤ ሁለቱ ሲጋቡ በውሉ ላይ የፈረሙ ምስክር ስለሆኑ ሁለቱም ወገን ለሰብሳቢነት ተስማማባቸው። በሥራ ዘመናቸው ባቡር በደቂቃ ያስነሡ የነበሩ ሰው ናቸው። ሽምግልና ላይ ግን የሚያስነሡት ነገር የለም። በርካታ ባልና ሚስት አስታርቀዋል፤ አንድም ቀን በእጃቸው ፍቺ ጽፈው አያውቁም፤ ይህንንም ሰው ሳይጠይቃቸው ይናገራሉ። ከሀብተ ማርያም ወገን ታላቅ ወንድሙ ዘገዬ መጥቷል፤ የቀበሌው የውይይት ክበብ ጸሐፊ ስለሆነ ቃለ ጉባኤ መያዙም ለእሱ ተሰጠ። ሌላው የሀብተ ማርያም የሥራ ባልደረባ ነው፤ በጥላ ቦታ ሲቀመጥ እንቅልፍ የሚወስደው፣ ዘገዬ ያለውን ሁሉ «ልክ ነው» የሚል ሰው።

ፋርቱን ወንበር ስባ ስትቀመጥ ዘገዬ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ይቺ ምስክር ናት?»

«ሽማግሌዬ ናት» አለች ሰርካዲስ።

«ሴት ለሽምግልና አትቀመጥም። በአገራችን ታይቶ አያውቅም።»

ፋርቱን ሽርጧን አስተካከለችና ወደ እሱ ዞረች። «ጓድ ዘገዬ፣ ባለፈው እሁድ በድምፅ ማጉያው ሴት እኩል ነው ብለህ የጮህከው ለማን ነው? እኔ ሴት አይደለሁም? ወይስ እኩሉ ለሌላ ሴት ነው? ንገረኝ፣ ለሊቀመንበሩ ደግሜ እጠይቅልሃለሁ።»

በዚያ ዘመን አድኃሪ ከመባል ሴት አጠገብ መቀመጥ ይቀላል። ዘገዬ ጉሮሮውን ጠረገና እስክሪብቶውን አነሣ። ሐጂ አብዱሰመድ ፈገግታቸውን በጢማቸው ውስጥ ደበቁት።

ያን ቀን ሰርካዲስ ነገሯን ተናገረች። ሀብተ ማርያምም አልካደም፤ ከመካድ ይልቅ አቀረቀረ፤ እሱን ማቀርቀር ያምርበታል። አቶ ገብረ መድኅን ሁለቱንም መከሩና «እስኪ አስቡበት፤ ለሳምንት ቅዳሜ» አሉ። ለሳምንት ቅዳሜ ደግሞ መከሩና ለሚቀጥለው አሉ። ከዚያ ዘገዬ ግዳጅ ወጣ፤ ከዚያ ባቡሩ ዘገየና ሀብተ ማርያም ሳይደርስ ቀረ፤ ከዚያ ጾም ገባ። «ታገሺ» ይሏታል። ታገሺ ማለት ምን እንደሆነ ሰርካዲስ ለማንም አታስተምርም እንጂ ማስተማር ትችል ነበር።

በዚያ ሁሉ ጊዜ ሀብተ ማርያም የሚያድረው ወንድሙ ዘንድ ነው። የሥራ ካኪውን ግን በዘንቢል ይልክላታል። እሷም ታጥባለታለች። በግቢው ጥግ፣ ከቧንቧው አጠገብ፣ አንድ ጠፍጣፋ የደቻቱ ድንጋይ አላት፤ ሲጋቡ ሀብተ ማርያም ራሱ ከወንዙ ያመጣላት ነው። ካኪው ሲፈተግበት ኖሮ መሐሉ ሟልጧል። አንድ ቀን ስታጥብ ፋርቱን አጠገቧ ቆማ ወገቧን ያዘች።

«ለማን ታጥባለህ?»

«ለከሰስኩት ሰው።»

«አቦ፣ ጤና የለህም?»

«እስኪፈታኝ ሚስቱ ነኝ» አለች ሰርካዲስ። ይህን ስትል ለራሷም ገረማት፤ እጇ ግን መፈተጉን አላቆመም።

ቀጠሮው ሲበዛባት ወደ መዝገብ ቤቱ ሹም ተመለሰች። ሰውዬው አስታወሳት።

«ሽማግሌዎቼ አላፋታ አሉኝ።»

«አልነገርኩሽም? መጀመሪያ ማስታረቅ አለባቸው። ሥራቸው ነው።»

«ማስታረቁ ማለቁ በምን ይታወቃል?»

«ወይ ትታረቁና ‹ታርቀዋል› ብለው ይጽፉልናል፣ መዝገቡ ይዘጋል፤ ወይ አልታረቅም ትዪና ፍቺውን ይጽፋሉ።»

«ከተዘጋ በኋላ ብመለስስ?»

«በዚያው ነገር ከመጣሽ ‹ታርቀሽ የለም እንዴ› ነው የምትባዪው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንዲት ቃል ነው የሚቀርሽ፣ እኅቴ። እምቢ በይ፣ በእምቢሽ ጽኚ። አለቀ።»

አለቀ ማለት ለእሱ ቀላል ነው። ሰርካዲስ ከዚያ ስትወጣ ልቧ ጠንክሮ ነበር፤ እምቢ ማለት የማትችል ሴት አይደለችም። ቤቷ ስትደርስ ግን ሐጂ አብዱሰመድ ከበራቸው ላይ ሲጠብቋት አገኘቻቸው፤ ከቀፊራ ያለ ወትሯቸው ቀደም ብለው ነው የገቡት።

«ልጄ፣ ሚስጥር ማውጣት ነውር ነው» አሉ፤ «አለመናገርም ነውር መሰለኝ። ዘገዬ ሱቅ መጥቶ ነበር። የፊታችን ቅዳሜ ባልሽን ድንጋይ ያሸክሙታል።»

ሰርካዲስ ከበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለች። ድንጋይ መሸከም ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሐጂም ያውቁታል፤ ከክርስቲያን ጋር ዕድሜያቸውን ኖረዋል። ባል ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ፣ በሽማግሌ ፊት፣ በእግሯ ሥር ወድቆ ይቅር በዪኝ ይላል። እዚያ ላይ እምቢ ያለች ሴት ሰው አይደለችም። የቡና ጎረቤቷ ይርቃታል፣ ዕድሯ ይቀየማታል፣ የነፍስ አባቷ እንኳ ቆጣ ይላሉ። የሷ እምቢታ የሚያልቀው እዚያች ድንጋይ ላይ ነው፤ ዘገዬ ይህን አስልቶ ነው የመጣው። ይቅር ካለች ደግሞ መዝገቡ ተዘጋ።

«መልካ ጀብዱ ወዳለችው እኅቴ ሂድ» አለቻት ፋርቱን ስትሰማ። «ቅዳሜ እስኪያልፍ ተደበቅ። ሰው የሌለበት ድንጋይ ለማን ይወድቃል?»

«ከሳሿ ቀረች ብለው ይዘጉታል።»

«እሺ፣ ሲሸከም ሳቅበት። እኔ አስቅሃለሁ።»

ሰርካዲስ አልሳቀችም። ያን ሳምንት ውሃ ስትቀዳም፣ ሰልፍ ስትቆምም አሰበች። ይቅር ልትለው ትችል እንደሆነ ራሷን ጠየቀች። የገረማት መልሱ ነው፤ ትችላለች። ሰውዬው ጨካኝ አልነበረም፤ ደካማ ነበር፤ ደካማን ይቅር ማለት ያን ያህል አይከብድም። ታዲያ ለምን ፈራች? ይቅር ያለች ቀን ወደ ሽንኩርቱ የምትመለስ ስለመሰላት ነው። ለምን እንደምትመለስ ግን ስትፈልገው አጣችው። ሰዉ ሁሉ ሁለቱን አንድ ነገር አድርጎ ስለሚናገራቸው እሷም ሳትመረምር አብራ ስታስራቸው ኖራለች። ይህ የገባት ስኳር ሰልፍ ላይ ነው፤ ተራዋ አልፎ ከኋላዋ ያሉት ጮኹባት።

ቅዳሜ ጠዋት ካኪውን በገንዳ ዘፍዝፋ ወደ ቀፊራ ሄደች። ስትመለስ ልታጥብ ከቧንቧው ጋ ብትደርስ ድንጋዩ የለም። ቦታው ላይ እርጥብ አፈርና ጥቂት ጉንዳን ቀርቷል። ጎረቤት ጠየቀች፤ ያየ የለም። ድንጋይ የሚሰረቅበት ዘመን ደረስን ብላ ካኪውን እንደተዘፈዘፈ ትታ፣ ልብሷን ቀይራ ወደ ከዚራ ወጣች።

በረንዳው ላይ አምስቱም ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ጓሮ በኩል የበግ ሥጋ ይሸታል፤ ዘገዬ ለዕርቁ አስቀድሞ አሳርዷል፤ ለሐጂና ለፋርቱን የሚሆን ግን አላሰበም። ሰርካዲስ እንደተቀመጠች የአጥሩ በር ተከፈተና ሀብተ ማርያም ጎንበስ ብሎ ገባ። ድንጋዩ ማጅራቱ ላይ ነው፤ በሁለት እጁ ደግፎታል፤ ላቡ ሸሚዙን አጣብቆታል።

ድንጋዩን ስታይ ሰርካዲስ መጀመሪያ ማመን አቃታት። ሟልጦ የሚያብለጨልጭ መሐሉን ታውቀዋለች። የሷ የልብስ ማጠቢያ ድንጋይ ነው። ከተማው ሙሉ ድንጋይ፣ ደቻቱን የሚያህል የድንጋይ አልጋ እያለ፣ ሰውዬው ለይቅርታ የሚሸከመውን ከሚስቱ ጓሮ ነው የወሰደው። ሳቅ መጣባት፤ ከሳቁ ኋላ ደግሞ ዕንባ፤ ሁለቱንም ዋጠቻቸው።

ሀብተ ማርያም በጉልበቱ ተንበረከከ። «ሰርኬ፣ በድዬሻለሁ» አለ። የተዘጋጀ ንግግር እንደነበረው ያስታውቅ ነበር፤ ግን ጠፋበት። «ስለ እግዚአብሔር ብለሽ ይቅር በዪኝ።»

ዘገዬ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አዘጋጅቷል። ፋርቱን ዐይኗን ጨፍናለች። ሰርካዲስ ተነሣች፤ ሁለት እጇን ከድንጋዩ ሥር አስገብታ ከማጅራቱ ላይ አነሣችው፤ ክብደቱን ከማንም በላይ ስለምታውቀው ወገቧን አስተካክላ መሬት አስቀመጠችው። ከዚያ የባሏን ትከሻ ይዛ አስነሣችው።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አለች። «ስለ እግዚአብሔር ብዬ፣ ከልቤ። አንተም ባስቀየምኩህ ይቅር በለኝ።»

ሀብተ ማርያም ጉልበቷን ሳመ። የተኛው ባልደረባ ነቅቶ አጨበጨበ። አቶ ገብረ መድኅን መነጽራቸውን አውልቀው ዐይናቸውን ጠረጉና «ጻፍ፣ ዘገዬ፤ ታርቀዋል በል» አሉ። ፋርቱን ዐይኗን ገልጣ በቁጣ ሰርካዲስን አየቻት።

«ጋሼ ገብረ መድኅን» አለች ሰርካዲስ ሳትቀመጥ፤ «ይቅር ማለቴ ይጻፍልኝ። በደንብ ይጻፍ፤ የአፍ አይደለም። ከሥሩ ደግሞ ፍቺው ይጻፍ።»

ዘገዬ ብድግ አለ። «ይቅር ብለሽ ደግሞ ፍቺ? ወይ ይቅር በዪ ወይ አትበዪ!»

«ብያለሁ። ሰምተሃል።»

«ይቅር ካልሽ ምን ቀረሽ ታዲያ?» አሉ አቶ ገብረ መድኅን፤ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ በእውነት ስላልገባቸው ነው።

ሰርካዲስ ያሰበችውን ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብላ ተናገረችው። «እስከ ዛሬ የጠበቅኩት በፍቅር አይምሰልዎ፣ ጋሼ። በንዴት ነው። ባቡር ባፏጨ ቁጥር ‹ዛሬስ መጥቶ እነግረዋለሁ› እያልኩ በር በሩን አያለሁ። ሲመጣ ደክሞት ይመጣል፣ ሳልነግረው ይሄዳል፣ እንደገና እጠብቃለሁ። ሰው የተናደደበትንም ይጠብቃል። አሁን ድንጋዩን ሳወርድለት ንዴቴን ፈለግኩት፤ የለም። ብፈልገው የለም። እንግዲህ በምን ልጠብቀው? ተጣልቼ አይደለም የምሄደው። ታርቄ ነው።»

ከጓሮ ሥጋው ሲንቸሰቸስ ይሰማል። አቶ ገብረ መድኅን ወደ ሀብተ ማርያም ዞሩ።

«አንተ ልጅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። አዋሽ ያለውን ቤት ትተወዋለህ?»

«ልጅ አለኝ፣ ጋሼ።»

«ልጁንማ ማን ተው አለህ? ልጅህን ትረዳለህ። ቤቱን ነው ያልኩህ።»

ሀብተ ማርያም ድንጋዩን አየ። ዘገዬ ከጎኑ «እተዋለሁ በል» እያለ በክርኑ ይጎሽመዋል። ሀብተ ማርያም ላቡን በእጅጌው ጠረገና «አልተውም» አለ። «ብዋሽዎ ዛሬ ይቅር ያለችኝን ነገ መልሼ እበድላታለሁ።»

ሰርካዲስ በሕይወቷ እንደዚያች ደቂቃ ወድዳው አታውቅም። ይህን ለማንም አልነገረችም፤ ግን እውነት ነበር። ስንት ዘመን ያጣችውን እውነት ሰውዬው የሰጣት በበሩ ሲወጣ ነው። ያም ሆኖ ቃሏን አላጠፈችም።

አቶ ገብረ መድኅን ድምፅ ጠየቁ። ሐጂ አብዱሰመድ «ትፈታ» አሉ፤ ፋርቱን «ትፈታ» አለች፤ ድምፅዋ ግን የጠበቀችው ደስታ የለበትም። ዘገዬ «አትፈታም» አለ። ባልደረባው «ልክ ነው» አለ፤ አቶ ገብረ መድኅን የትኛው ልክ እንደሆነ ሲጠይቁት «ዘገዬ ያለው» አለ። ሁለት ለሁለት ሆነ። ነገሩ በእሳቸው እጅ ወደቀ።

«ሕጉ መጀመሪያ አስታርቁ ይለናል» አሉ አቶ ገብረ መድኅን፤ ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስላሉ። «እኔም ዕድሜዬን ሳዘገይ የኖርኩት ለዚያ ነው። እነሆ ታርቀዋል፤ በዐይናችሁ አያችሁ። የመጀመሪያው ሥራችን ተፈጸመ። ሁለተኛውን ካሁን በኋላ በምን ምክንያት አቆየዋለሁ? እሷ ሌላ ማስታረቂያ አላስቀረችልኝም።» ከዚያ «ጻፍ» አሉ።

ዘገዬ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «እኔ አልጽፍም» አለ።

አቶ ገብረ መድኅን ወረቀቱን ወደ ራሳቸው ሳቡት። ይቅር መባባላቸውን ጻፉ፤ ከሥሩ መፋታታቸውን ጻፉ፤ ሰርካዲስ በቤቱ እንድትቀመጥ መስማማታቸውንም ጨመሩ። አምስቱም ፈረሙ፤ ዘገዬ ሳይቀር፤ «ተቃውሜአለሁ» ብሎ ነው እንጂ። በሌላ ሳምንት ወረቀቱ ወደ ፍርድ ቤት ሲሄድ የመዝገብ ቤቱ ሹም ሁለቱን መስመር ደጋግሞ አነበበና መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ። «ይኼስ አዲስ ነው» አለ። ዳኛው ግን አጸደቁት።

የዚያን ቀን ግን ገና ነው። ከበጉ ማንም የረባ አልበላም። ሰዉ ሲነሣ ሀብተ ማርያም እጁን አንጠልጥሎ ድንጋዩ አጠገብ ቆመ።

«ይኼንንስ?» አለ።

«ከወሰድክበት መልሰዋ» አለች ሰርካዲስ።

እንደገና ተሸከመው። ከከዚራ ወደ መጋላ፣ በደቻቱ አሸዋ ላይ፣ እሱ ከፊት እሷ ከኋላ ሄዱ። ያወቋቸው ሁሉ ታረቁ ብለው እልል አሉላቸው፤ ሁለቱም አንገታቸውን እየሰበሩ አመሰገኑ። ምን ይበሉ? መታረቁስ ታርቀዋል። ግቢው ሲደርሱ ድንጋዩን ከቧንቧው አጠገብ አወረደው፤ የሟለጠውን ፊት ወደ ታች አድርጎ ነው ያስቀመጠው። ወገቡን ይዞ ቀና ሲል ዐይኑ ገንዳው ላይ አረፈ።

«ካኪዬ?»

«ከጠዋት ጀምሮ ተዘፍዝፏል። ላጥበው ስመጣ ድንጋዩ አልነበረም።»

ሀብተ ማርያም ድንጋዩን አየ፣ ገንዳውን አየ፣ ሲገባው ከት ብሎ ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ በረንዳው ላይ የዋጠችው ሳቅ ያኔ ነው የወጣላት። ካኪውን ጨምቃ፣ ውሃው ጠብ ጠብ እያለ በዘንቢሉ አድርጋ ሰጠችው።

«ነገ እኮ ተረኛ ነኝ። ምን ልልበስ?»

«አዋሽ ትልቅ ወንዝ ነው» አለችው።

ዘንቢሉን ይዞ ወጣ፤ መንገዱ ላይ የውሃው ነጠብጣብ ተከተለው። ሰርካዲስ መሬት ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ደህና አድርጋ፣ ማንንም ሳትፈራ አለቀሰች። ፋርቱን ከበሯ ላይ ቆማ ጠበቀቻት። ሰርካዲስ ሲበቃት ተነሥታ ድንጋዩን ገለበጠችው፣ ሟልጦ የሚያብለጨልጨውን ፊት ወደ ላይ አደረገች፣ ከቤት የራሷን ቀሚስ አምጥታ መፈተግ ጀመረች።

በለገሃር በኩል ባቡር አፏጨ። እጇ አንድ ጊዜ ቆም አለ፤ ከዚያ ቀጠለ።

«አባዮ» አለች ፋርቱን፣ «ለማን ታጥባለህ?»

«ለራሴ» አለች ሰርካዲስ።